በቆሎው እስኪሰፈር

ከባለቤቴ ጋር በመጨረሻ የሠራነው ሥራ በቆሎ መፈልፈል ነበር። ከማንጎው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ፍሬውን ሳፋው ላይ እያወረድን ስለ ሙቀቱ እናወራ ነበር። እሱ ከተቀበረ በኋላ ገበያ ወጣሁ። አንዲት ነጋዴ የበቆሎ ጆንያ ስትፈታ ያ ደረቅ የብናኝ ሽታ ፊቴን ዳበሰው። ባለሁበት ቆምኩ፤ የባጃጆቹ ጩኸት ሁሉ ከእኔ ራቀ።

ልጅ ሳለሁ፣ በጦርነቱ ዘመን፣ እህል የሚታደለው በቀበሌ ነበር፤ በቤተሰብ ቁጥር ልክ። የሞተ ሰው ድርሻ ይቀነሳል። አባቴ ዓሣ ሊያጠምድ ወደ ማታር ከተማ ወርዶ በወባ መሞቱን በሰማን ማግስት ራሽን የሚታደልበት ቀን ሆነ። እናቴ ፊቴን በባሮ ውሃ አጠበችና፣ “ልጄ፣ በቆሎው እስኪሰፈርልን ድረስ አባትሽ አልሞተም” አለችኝ።

የቀበሌው መጋዘን ውስጥ በቆርቆሮው ቀዳዳዎች ብርሃን ይገባል፤ ብናኙ በብርሃኑ ውስጥ ቀስ እያለ ይወርዳል።

“አባወራውስ?” አለ የሚሰፍረው ሰውዬ።

“ማታር ነው፤ ዓሣ ላይ” አለች እናቴ።

“ዓሣ ላይ ነው ወይስ ሌላ ሚስት ላይ?” ብላ አንዲት ጎረቤታችን ከኋላችን ቀለደች።

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እናቴም አብራ ሳቀች። በቆሎው ከመስፈሪያው ጣሳ ሲፈስ የከረጢታችንን አፍ በሁለት እጇ ከፍታ ያዘች።

በሚቀጥለው ወርም፣ ከዚያም በኋላ፣ አባቴ ማታር ነበር። እናቴ መቼ እንዳለቀሰችለት አላውቅም።

እኔ ጠዋት ጠዋት በሬን ከፍቼ፣ ባሌን በስሙ እየጠራሁ፣ ጎረቤት እየሰማ አለቅሳለሁ።