መሬት ላራሷ

ባለፈው ኅዳር ከቢቸና ወደ ሞጣ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ነበር። ጤፉ ደርሶ መንገዱ ግራና ቀኝ ቢጫ ሆኗል። አጠገቤ የተቀመጠ ተማሪ ፈተና ደርሶበት ነው መሰል፣ ስልኩ ላይ አፍጥጦ «መሬት ላራሹ፣ መሬት ላራሹ» እያለ ያጠናል። ሳቄ አመለጠኝ።

«ምን አሳቀዎት እማማ?»

«እኛ ቤት እንኳ ላራሹ አልነበረም ልጄ፤ ላራሷ ነበር» አልኩት። ግራ ገባው። ከሥሩ ጀምሬ ነገርኩት።

ያኔ፣ በስድሳ ሰባት፣ የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ገና አርባዬ አልወጣም። ባሌ ከሞጣ ወጣ ብሎ ያለውን የአንድ ግራዝማች ማሳ በእኩል ያርሳል፤ ግማሹ ምርት ለእሳቸው፣ ግማሹ ለእኛ። እስላም በዚያ አገር ይነግዳል፣ ይሸምናል፣ የሰው መሬት ያርሳል እንጂ ርስት የለውም። «ሰማይ ዓምድ የለው፣ እስላም አገር የለው» ይሉን ነበር። ሲሉት ይስቃሉ፤ እኛም አብረን እንስቃለን። ምን እናድርግ?

ያን ሰሞን ባሌ ደጀን ወርዶ የጭነት መኪና ላይ ይጭናል፣ ያወርዳል። እኔ ገንፎዬን እየበላሁ ከአማቴ ከእማ ዘሐራ ጋር ቤት ነኝ። እማ ዘሐራ ጆሯቸው ትንሽ ይደክማል፤ አፋቸው ግን አይደክምም። አንድ የገበያ ቀን ነጠላቸው መሬት እየጠረገ ሮጠው ገቡ።

«ከድጃ! ተነሽ! መሬት ላራሷ ተብሎ ታወጀ!»

«ለማን?»

«ላራሷ ነዋ! ካንቺ ሌላ በዚህ መንደር አራስ አለ? ሾላው ሥር እያደሉ ነው። ያልተገኘ ዕጣ የለውም ብለዋል!»

ላራሹ ቢሉ ነው ብዬ ጠርጥሬያለሁ። ግን «ያልተገኘ ዕጣ የለውም» የሚለው ልቤን መታው። ባሌ የለም። ካልሄድኩ፣ ዕድሜውን ሲያርሰው የኖረው ማሳ ለሌላ ሰው ሊደርስ ነው።

አራስ ደግሞ ብረት ሳትይዝ ደጅ አትወጣም፤ ጂኒ ይለክፋታል። እማ ዘሐራ ቢላዋ ቢፈልጉ ከችኮላቸው የተነሳ አጡ። ጥግ የተቀመጠውን ማረሻ አንስተው እጄ ላይ አኖሩት፣ ሕፃኑን ራሳቸው ታቀፉ፣ ወጣን። ፀሐዩ ያጥበረብረኛል። ደስታ ይሁን ፍርሃት እንጃ፣ ልቤ ግን ይዘል ነበር።

ሾላው ሥር ሰዉ ግጥም ብሏል። ካኪ የለበሱ ዘማች ተማሪዎች መሐል ቆመዋል። እማ ዘሐራ ወንዱን በክርናቸው እየገፉ «አራሷን አሳልፉ! አዋጁ የሷ ነው!» ሲሉ ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የግራዝማች ወንድም ግን አልሳቀም። «አዋጁ ላራሽ ነው እንጂ ላራስ ማን አለ? የታለ ገበሬው? ደጀን ወርዶ ተሸካሚ ሆኗል። እንግዲህ ለሚቀጥለው ይለፍ!» አለ። መዝገብ የያዘው ዘማች ልጅ ግራ ተጋብቶ ወዲያና ወዲህ ያያል።

ይሄኔ የደብሩ የቅኔ መምህር ከተቀመጡበት ተነሡ።

«ምን ያስቃችኋል? ሰሙ አራስ፣ ወርቁ አራሽ ነው። እስቲ እጇን እዩ!»

ሰዉ ሁሉ እጄን አየ። እኔም አየሁት። ማረሻውን ጨብጬ ቆሜያለሁ!

«ማረሻ የያዘችን አራሽ አይደለሽም የሚላት ማነው?» አሉ መምህሩ።

ዘማቹ ወደ እኔ ዞረ። «እኅቴ፣ ማሳውን ማነው የሚያርሰው?»

በወንድ ሸንጎ ተናግሬ አላውቅም። ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ድምፄ ወጣ።

«ባሌ ያርሳል። እኔ ጓሉን ከስክሼ፣ አርሜ፣ አጭጃለሁ፤ ይሄ ልጅ ሆዴ ውስጥ እያለ ጭምር። ግራዝማች በበቅሏቸው ሆነው ከማየት በቀር ነክተውት አያውቁም፣ ወላሂ!»

ከወዲያ ማዶ አንዲት ክርስቲያን ጎረቤታችን እልል አለች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት። «ይገባታል!» አለ ሰው። ማሳው ለእኛ ሆነ። እማ ዘሐራ እስኪሞቱ ድረስ «አዋጁስ ላራሷ ነበር፤ ያጣመሙት ወንዶቹ ናቸው» እንዳሉ ኖሩ።

ባሌ ሲመለስ አላመነኝም። ማሳውን እንደ እንግዳ ዞሮ ዞሮ አየና «ምን እንዝራበት?» አለኝ። «መጀመሪያ ዛፍ ትከል» አልኩት። ጭሰኛ ዛፍ አይተክልም ነበር፤ በየዓመቱ ልቀቅ ሊባል የሚችል ሰው ለማን ብሎ ይተክላል?

ተማሪው ስልኩን ኪሱ ከቶ ያዳምጠኝ ነበር። ሞጣ ልንገባ ስንል «ታዲያ ደርግን ይወዱት ነበራ?» አለኝ።

ደርግ እህላችንን በኮታ ጫነ። ያን አማቴ የታቀፉትን ልጄንም ጢሙ ሳያቀመቅም ከገበያ አፍሶ ወደ ጦር ሜዳ ወሰደው፤ አልተመለሰም። ይህንም ነገርኩት።

«ደርግን አይደለም የምወደው» አልኩት። «ያቺን ቀን ነው። ያቺ ቀን የደርግ አይደለችም ልጄ፤ የኔ ናት።»