እስኪተኮስባችሁ ድረስ ሂዱ

ትእዛዙ የደረሰን እሁድ ጠዋት ነው፤ ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብለን ሰፍረን ሳለን። ወሩ ግንቦት ነበር፤ መንግሥት ሊለወጥ ጥቂት ቀን ቀርቶታል፣ እኛ ግን ያንን አናውቅም። የሻምበሉ ቃል አጭር ነበር። «በጀውሃ መንገድ ወደፊት ሂዱ። ጠላት የት እንዳለ ማወቅ አለብን። እስኪተኮስባችሁ ድረስ ሂዱ።»

መኪናችን ቢአርዲኤም የምትባል ባለ አራት ጎማ ቀላል ብረት ለበስ ነበረች። የተሠራችው ለቅኝት ነው፤ አይታ እንድትመለስ እንጂ ቆማ እንድትዋጋ አይደለም። ብረቷ ስስ ነው፤ የክላሽ ጥይት ይመልሳል፣ ከዚያ በላይ ለሚመጣው ግን እግዜር ይጠብቅ። መውጫዋ ከፊት፣ አናቷ ላይ ብቻ ነው። እኔ መትረየስ ተኳሹ መሀል ስለምቀመጥ፣ ከፊት ያሉት ካልወጡ መውጫ የለኝም። ከሞት ይልቅ የምፈራው ይህንን ነበር።

አራት ነበርን። አዛዣችን ሃምሳ አለቃ ደምሴ፣ ሬዲዮ የሚይዘው ገመቹ፣ ሾፌሩ ሰይድና እኔ። ሰይድ የዚያው አካባቢ፣ የቀወት ልጅ ነው።

ሦስት ሰዓት ላይ ተነሣን። ብረቱ ገና በጠዋቱ ግሎ ስለነበር ሰይድ ክዳኑን ከፍቶ ነበር የሚነዳው። ጥቂት እንደሄድን ነገሩ አላምር አለኝ። መንገድ ዳር ባለ የሽንኩርት ማሳ የመስኖ ውሃ ተለቆ፣ ሞልቶ አስፋልቱ ላይ ይፈሳል። የሚያጠጣው ሰው የለም። መስኖ በተራ በሚደርስበት አገር ውሃውን እንዲህ ጥሎ የሚሄድ ገበሬ አይቼ አላውቅም።

ሰይድ ፍጥነቱን ቀነሰ። «ሃምሳ አለቃ፣ ዛሬ እኮ ሰንበቴ ከተማ ገበያ ነው» አለ። «እስካሁን አንድ አህያ አላየሁም። ወላሂ፣ እዚሁ ናቸው።»

ደምሴም ልብ ብሎታል። ገመቹ በሬዲዮ አሳወቀ፤ መንገዱ ጭር ማለቱን፣ ገበያተኛ አለመኖሩን፣ ጠላት ቅርብ ሳይሆን እንደማይቀር። መልሱን ሁላችንም በጆሮ ማዳመጫችን ሰማነው።

«ተተኩሶባችኋል?»

«አልተተኮሰብንም።»

«እንግዲያው ቀጥሉ።»

መኖራቸውን አውቀናል፤ ማወቃችን ግን አልበቃም። ደምሴ ክርስቲያን ነው፤ እጁን የሰይድ ትከሻ ላይ አድርጎ «በል ቢስሚላህ በልና ንዳ» አለው። ሰይድም ብሎ ነዳ።

የጀውሃ ድልድይ ታየን። ከወዲያ ማዶ ቁጥቋጦ አለ። አፈሙዙን ወደዚያ አዞርኩ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ነውና፣ ካነጣጠርኩበት ሳይሆን በስተግራ ካለ ሌላ ቁጥቋጦ ተተኮሰብን። መኪናዋ ተናጠች። ጭስ ሞላት። ወደ ግራ ተኮስኩ። ሰይድ መሪው ላይ ተደፍቷል። ደምሴ አይናገርም። ገመቹ ሆዱን በአንድ እጁ ይዞ «ተመተናል» አለ።

«ደህና። ከየት አቅጣጫ?» አለው ሬዲዮው።

ገመቹ ሳይሳሳት ነገረው። ድልድዩን፣ በስተግራ ያለውን ቁጥቋጦ፣ ሁለት ከባድ መትረየስ። ከዚያ የደምሴን ሬሳ ገፋ አድርገን በእሱ በኩል ባለው ክዳን ወጣን። ገመቹን በመንገድ ዳር የመስኖ ቦይ ውስጥ እየጎተትኩ ወደ ሰፈራችን አመጣሁት። መረጃው ግን ለማንም አልጠቀመም፤ ከሰዓት በኋላ ጦሩ ወደ ጣርማ በር ዳገት እንዲያፈገፍግ ታዘዘ። ገመቹ ዳገቱን ሳንጨርስ አረፈ።

ዓመታት አለፉ። ጠላት እንላቸው የነበሩት መንግሥት ሆኑ፤ እኔም ሮቢት ላይ ቤት ሠርቼ ልጅ አሳደግኩ። ግቢዬ ውስጥ ዮናስ የሚባል ከጎጃም የተመደበ መምህር ተከራይቶ ይኖራል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኮምፒውተሩ የጦርነት ጨዋታ ሲጫወት አጠገቡ ተቀመጥኩ። የካርታው ግማሽ ጨለማ ነው፤ አንድ ነገር ካልላኩበት ውስጡ አይታይም። ዮናስ አንዲት ትንሽ ባለ ጎማ ብረት ለበስ ወደ ጨለማው ላከ። ጨለማው ተገለጠ፤ መኪናዋ ነደደች።

«አየኋቸው» አለ ደስ ብሎት። «እሷ ርካሽ ናት ጋሼ፣ ሥራዋም ይኸው ነው።»

«ስንት ሰው ነበረባት?» አልኩት።

«ጨዋታው ሰው አይቆጥርም ጋሼ።»

እኔ ቆጠርኩለት። ሃምሳ አለቃ ደምሴ፣ ሰይድ፣ ገመቹ። ሦስት። ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው ነገርኩት። ሲያዳምጥ ቆይቶ «ታዲያ ካርታው ፊት የተቀመጡት እርስዎ ቢሆኑ ማንን ይልኩ ነበር?» አለኝ።

በክፋት አልጠየቀኝም። አሰብኩ። ታንኩ ውድ ነው፣ እግረኛው ብዙ ነው፣ ጨለማው ደግሞ መገለጥ አለበት። ሻምበሉን ያን ሁሉ ዓመት በልቤ ስረግመው ኖሬያለሁ።

«እሷኑ» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ መርገሙ አልሆንልህ አለኝ። የምረግመው ሰው ሳጣ ሐዘኑ ባሰብኝ።