ያልተተፋው መድኃኒት

ባለቤቴ ቄስ ነበሩ። ከቡሬ ወዲያ ባለችው ደብራችን ዕድሜያቸውን ሙሉ ቀድሰዋል። ሆዳቸውን ሲያማቸው መጀመሪያ ጠበል ገባን። በጠበሉ አልሻላቸው ሲል ፍኖተ ሰላም ወርደን ሆስፒታል ተኛን። ተኛን የምለው አልጋው የእሳቸው ቢሆንም እኔም ከሥሩ ሰሌን ዘርግቼ ስለከረምሁ ነው።

ሐኪሙ ለሰኞ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ቀጠሩን። ባለቤቴ ከዚያ በፊት መቁረብ ፈለጉ። «ቢላዋው ሆዴን ሳይነካው ሥጋ ወደሙ ይቅደመው» አሉ። ሐኪሙም ፈቀዱ። እሑድ በባጃጅ ሄደን፣ ቅርብ ካለው ቤተ ክርስቲያን ቆርበው ተመለሱ። ፊታቸው ላይ ለወራት ያላየሁት እፎይታ ነበር።

አመሻሽ ላይ ነርሷ በትንሽ ኩባያ ፈሳሽ፣ በሌላ እጇ ደግሞ አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ መድኃኒት ይዛ መጣች።

«አባ፣ ይኼን ተጉመጥምጠው ይትፉት። ነገ ሲያደነዝዙዎት ቱቦ በጉሮሮዎ ይገባል። አፍና አፍንጫ ውስጥ ያለው ጀርም ተከትሎ ሳንባዎ እንዳይወርድ ነው።»

«አፍንጫዬን እሺ። አፌን ግን ተይው፣ ልጄ።»

«አይዋጥም እኮ አባ፣ ይተፋል።»

«ችግሩ መትፋቱ ነው።»

ልጅቱ ኩባያውን ዝቅ አደረገችው። የቆረበ ሰው በዚያ ቀን ምራቁን እንኳ አይተፋም፤ ደም እንዳይወጣው እሾህ ይሸሻል። አንገቷ ላይ ማተብ አለ፤ ታውቀዋለች።

ከጎናችን እግሩ ተሰብሮ የተኛ ገበሬ ነበር። «ሲስተር፣ የአባን ድርሻ ወዲህ በይው! ሽታው አረቄ አረቄ ይላል። እኔ እንደሁ ክርስትና ከተነሣሁ ወዲህ አልቆረብሁ።»

«ለአንተ የሰጡት እንደሁ መቼ ይተፋል!» አሉት ባለቤቴ።

ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ነርሷ ስለ ሳንባ ያለችው ነገር ከጆሮዬ አልወጣም። ሳንባቸው እንዲተርፍ ቁርባናቸው ይነካ ልል አልችልም፤ ቁርባናቸው እንዲጠበቅ ሳንባቸው ይጎዳም ልል አልችልም።

«አባ፣ ለእኔ ሲሉስ?» አልኋቸው ቀስ ብዬ።

«ለአንቺ ስል ብዙ አድርጌአለሁ። ይኼ ግን የእኔም አይደለ፣ ለማን እሰጠዋለሁ?»

ነርሷ ኩባያውን ይዛ ወጣች። ተቆጥታ የሄደች መስሎኝ ነበር። ስትመለስ ንጹሕ ፋሻ ይዛለች።

«አባ፣ ካልተተፋስ? ፋሻውን በመድኃኒቱ ነክሬ ድድዎንና ምላስዎን ልጥረግ። ከአፍዎ የሚወጣው ፋሻው ላይ ይቀራል። ፋሻውንም ቆሻሻ ውስጥ አልጥለውም፤ ለባለቤትዎ እሰጣቸዋለሁ።»

ብዙ አሰቡ። በቁርባን ቀን ከአፍ የወጣ ነገር አይረገጥም፤ ንጹሕ ቦታ ይቀበራል። በኋላ እንደ ሕፃን አፋቸውን ከፈቱላት። ምን ያህል እንደ ከሱ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ፋሻውን በላስቲክ ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርሁት።

ከሌሊት ጀምሮ ምንም እንዳይቀምሱ ሲነገራቸው፣ «ይኼንስ ለምደነዋል» አሉ። ከእሳቸው በደንብ የሰማሁት የመጨረሻው ቃል ይኼ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቱቦው ከአፋቸው አልወጣም። ነርሷ ጓንት አልብሳ አጠራረጉን አስተማረችኝ፤ ጠዋትና ማታ ከእሷ ጋር እጠርግ ነበር። ያ ሁሉ ዓመት ቅዳሴ የወጣበትን አፍ ጥርስ በጥርስ አወቅሁት። መድኃኒቱ ከንፈራቸውን ሲነካ ቅንድባቸው ይነቃነቅ ነበር። መረረኝ የሚሉኝ እየመሰለኝ፣ «አይዞዎት፣ አለቀ» እላቸዋለሁ።

ሐኪሙ ደረታቸውን አዳምጠው ደጋግመው ነገሩኝ። «ሳንባቸው ደኅና ነው። ያልቻልነው የሆዳቸውን ነው።» በዚያው ሳምንት ዐረፉ።

ሳንባቸው ደኅና እንደ ነበር ለልቅሶ ደራሹ ሁሉ ነግሬአለሁ። ሰዉ ራሱን ይነቀንቃል።

ለቀብሩ ነጠላዬን አውልቄ ጥቁር ልለብስ ስል ቋጠሮው እጄ ላይ መጣ። ለንስሐ አባታችን አሳየኋቸው፣ ነገሩንም ነገርኋቸው። ፋሻውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። «ከእሳቸው የወጣ ነው፤ ከእሳቸው ጋር ይግባ» ብለው በግንዛቱ ውስጥ፣ ከደረታቸው ላይ አኖሩት።

ለንስሐ አባታችን ላሳይ ላስቲኩን ስፈታው ፋሻው ገና እርጥብ ነበር፤ ሽታውም አልለቀቀውም። አሁን ብቻዬን ተቀምጬ የቅዳሴ ድምፃቸውን ለማስታወስ ዓይኔን ስጨፍን፣ ቀድሞ የሚመጣብኝ ያ ሽታ ነው። ድምፁ ይዘገያል። አንዳንድ ቀን ጨርሶ አይመጣም።