ቀዩ ሶኬት

ሰፈሩ «መብረቁ» እያለ የሚጠራው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቁጡ ቢሆንም እጁ አይታማም። አሮጌውን ቤተ መጻሕፍት ለአዳዲስ ኮምፒውተሮች እንዲያዘጋጅ ሲጠሩት፣ ያረጁትን ሶኬቶች ነቃቅሎ ጣለ፤ ለኮምፒውተሮቹ ብቻ የሚሆን መስመር ከቆጣሪው ስቦ ቀያይ ሶኬቶች ገጠመ። «ከኮምፒውተር በቀር ምንም እንዳይሰካበት!» እያለም አፉ እስኪደርቅ ለመነ።

ነገሩ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። ኮምፒውተሮቹን አብርቶ ሊሞክር ሲል መስመሩ ድርግም ይላል። ሮጦ ሲሄድ ከኋላ ክፍል ባለው ቀይ ሶኬት ላይ ውሃ ማፍያ ተሰክቷል። ነቅሎ፣ ተራግሞ ይመለሳል። ደግሞ ድርግም!

አንባቢዎቹን ጠርጥሮ፣ ቆሽቱ አርሮ ከበሩ ጀርባ አደፈጠ። ማፍያዋን አንጠልጥላ የገባችው ግን እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ጽዳት ሠራተኛ ነበረች።

«እትዬ! አንቺ ነሽ እንዴ የምታሳብጂኝ?»

«ጭራሽ እኔ?» አለች ከእሱ ብሳ። «ከጠዋት ጀምሮ እህል ባፍህ ሳይዞር ትጮሃለህ። ሻይ ላፍላልህ ባልኩ፣ እየነቀልክ ያሳበድከኝስ አንተ!»

«ታዲያ ሌላ ሶኬት ላይ አትሰኪም?»

«የቱ ላይ? ሁሉንም ነቅለህ ጣልካቸው እኮ!»

መብረቁ ግድግዳውን ዞር ዞር ብሎ ቃኘ። እውነቷን ነው፤ ከቀዩ በቀር አንድም ሶኬት አልተረፈም። መሰላሉን አንስቶ፣ ለራሱ እየተነጫነጨ፣ ከመብራቱ መስመር ቀጥሎ መገላገል ሲችል በቀጥታ ከቆጣሪው ለማፍያዋ የብቻዋን መስመር ሳበላት።

ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሮቹ ሳይጠፉ ዋሉ። ሻዩንም «ስኳር በዛበት» እያለ ጨለጠው።