በዋንዛ የተደፈነችው ቀዳዳ

የቀበሌያችን የኪነት ቡድን ቤዝ ጊታር ድምፁ የጠፋው ለከተማው ውድድር ስምንት ቀን ሲቀረን ነው። ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ጠዋት ጠዋት ራዲዮ እጠግናለሁ፤ በተረፈኝ ሰዓት ለቡድኑ የዘፈን ግጥም እጽፋለሁ። ሁለቱንም ያስተማረኝ የለም። ራዲዮ ፈትቼ በመግጠም፣ ግጥም ጽፌ በመቅደድ ነው የተማርኩት። ራዲዮው ሲሠራለት ባለቤቱ ያመሰግነኛል። ግጥሜ ግን ከመዘፈኑ በፊት የሳንሱር መርማሪዎች ዘንድ ይሄድና በቀይ እስክሪብቶ ቆስሎ ይመለሳል። "ጨረቃ" ይሰርዙና "ጎህ" ይጽፋሉ፤ "እናቴ" ይሰርዙና "እናት አገሬ" ይጽፋሉ። አንድም ቀን እንደጻፍኩት ወጥቶልኝ አያውቅም።

ጊታሩን ከፍቼ አየሁት። የሞተው ፒክአፑ ነበር፤ ከአውታሮቹ ሥር ተቀምጦ ንዝረታቸውን ወደ ማጉያው የሚልከው፣ ማግኔት ላይ ፀጉር የመሰለ ሽቦ የተጠቀለለበት ዕቃ። ሽቦው ውስጥ ለውስጥ ዝጎ ተበጥሷል። ድሬ ላይ ምትኩ አልተገኘም። ቤዝ የምትጫወተው ልጅ፣ ቀን ቀን ልብስ ሰፊ የነበረችው፣ በባቡር ጅቡቲ የምትመላለስ አክስት ነበረቻት። አክስትየዋ በአራተኛው ቀን አንድ ፒክአፕ በሽርጥ ጠቅልላ አመጣችልን። ደስታችን የቆየው ጊታሩ ላይ አስቀምጠን እስክናየው ብቻ ነው። የድሮው ጣት የሚያህል ቀጭን፤ አዲሱ የሲጋራ ፓኮ የሚያክል። የጊታሩ አካል ካልተቆፈረ አይገባም።

"እኔ እቆፍረዋለሁ" አልኩ፣ አፌ ከሐሳቤ ቀድሞ።

የቀበሌው የንብረት ኃላፊ መነጽሩን አወለቀ። "የሕዝብ ንብረት ነው። ብታበላሸው ቡድኑ ከውድድሩ ይቀራል። አንተ ደግሞ አሻጥር ሠራህ ትባላለህ። ገብቶሃል?"

በዚያ በአብዮቱ ዘመን ያንን ቃል በቀልድ የሚያነሳ ሰው አልነበረም። ገብቶኛል ብዬ ፈረምኩ።

የአናጺ ዕቃ ስላልነበረኝ ወደ ከዚራ ሰፈር ወረድኩ። እዚያ ዕድሜያቸውን የባቡር ወንበር ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ግቢያቸው ውስጥ ዛፍ ጥላ ሥር የሚሠሩ ሽማግሌ አሉ። ጊታሩን አገላበጡት፣ በጣታቸው አንኳኩተው ጆሯቸውን ሰጡት።

"መሮም መሰርሰሪያም አበድርሃለሁ። ሞርሳው ይኸው። እጄን ግን አላስገባም። የፈረመው ማነው?"

"እኔ ነኝ ጋሼ።"

"በቃ አቦ! የፈረመ ይቆፍራል።"

አውታሮቹን ፈታሁ። የአካሉን ስፋት በማስመሪያ ለካሁና ለሁለት ከፈልኩት፤ መሃሉን አገኘሁ ብዬ በእርሳስ አሰመርኩ። በመስመሩ ግራና ቀኝ የፒክአፑን ቅርጽ ነደፍኩ። መሮ ከመምታት በፊት ዙሪያውን በተርታ መብሳት እንዳለብኝ ሽማግሌው አሳይተውኝ ነበርና የመጀመሪያዋን ቀዳዳ ከጥጉ ላይ በሳሁ። ቀዩ ቀለም ተፈንቅሎ ፈዛዛ የእንጨት ዱቄት ወጣ።

ልጅቷ ለምሳ ወጥታ የደረሰችው ይሄኔ ነው። አንገቷን ዘመም አድርጋ አየችው።

"አንተ፣ ይሄ መሃል የማን መሃል ነው?"

"የጊታሩ ነዋ።"

"እኔ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ የምተክለው በጨርቁ መሃል ነው እንዴ? በሰውየው ደረት መሃል ነው እንጂ!"

ከቦርሳዋ የስፌት ክር አወጣች። አንዱን ጫፍ የጊታሩ አንገት ራስ ላይ አሰረች፤ ሌላውን አውታሮቹ እስከሚታሰሩበት ብረት ድረስ ወጥራ ያዘችው። በወፍራሙ አውታር መንገድ አንድ፣ በቀጭኑ መንገድ አንድ። ሁለቱ ነጭ ክሮች ከነደፍኩት ቅርጽ ግማሽ ጣት ያህል ወደ አንድ ጎን ፈቀቅ ብለው አለፉ። የቤዝ ጊታር አንዱ ትከሻ ከሌላው ይሰፋል፤ የአካሉ መሃል የአውታሮቹ መሃል አይደለም። እኔ፣ መንገደኛውን ሁሉ የጫማውን ተረከዝ አይቼ የምፈርድበት ሰው፣ ይሄ አልታየኝም።

ሽማግሌው ሳቃቸው መጣ። "እኛ ክር ሳንዘረጋ መጋዝ አናነሳም ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም ጋሼ?"

"መች ጠየቅኸኝ? ገጣሚ አይደለህ፣ ሁሉን ታውቅ የለ!"

እጄን አላስገባም ያሉት ሰውዬ ከዋንዛ ስባሪ ትንሽ ሽብልቅ ጠርበው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ኮላ ቀብቼ በበሳኋት ቀዳዳ ውስጥ መታኋት፤ እስክትደርቅ ለነገ አልን። በማግስቱ ልጅቷ ክሮቹን ወጥራ ያዘች፣ እኔ በእሷ የስፌት ጠመኔ አዲሱን ቅርጽ ነደፍኩ። ሃያ ምናምን ቀዳዳ በተርታ በሳሁ። ከዚያ በመሮ፣ በቀስታ፣ ወደ እንጨቱ ርዝመት እየፈለጥኩ ቆፈርኩ። ሙቀቱ ሸሚዜን ከጀርባዬ አጣብቆታል፣ ላቤ ጊታሩ ላይ እንዳይንጠባጠብ ግንባሬን በክንዴ እጠርጋለሁ። ግድግዳውን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ። ፒክአፑ ሳልገፋው ገብቶ ተቀመጠ፤ እያንዳንዱ ማግኔት በየአውታሩ ሥር። ሽቦዎቹን መበየድ ለእኔ የለመድኩት ሥራ ነው።

የቀረችው ያቺ የዋንዛ ነጥብ ናት። ቀዩ ቀለም ላይ ከሩቅ ትታያለች።

"የጥፍር ቀለም አለኝ፤ ቀይ ነው" አለች ልጅቷ። "ቅባትና ማን ያያታል?"

"አይሆንም። አሻጥር የሚባለው የተደበቀው ነው።"

ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ንብረት ኃላፊው ጠረጴዛው ጀርባ ተቀምጦ ጠበቀን። ልጅቷ ጊታሩን ከማጉያው ጋር አገናኘችና ወፍራሙን አውታር አንድ ጊዜ መታችው። የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ድምፁ በጫማዬ ሶል በኩል ወደ ጉልበቴ ሲወጣ ተሰማኝ፤ ሳላውቀው ደረቴን ነፍቼ ቆሜያለሁ። ኃላፊው አልሳቀም። ጊታሩን ተቀብሎ አገላበጠና ጣቱን ነጥቧ ላይ አሳረፈ።

"ይሄስ ምንድነው?"

"እኔ በስህተት የበሳሁት ነው፣ ጓድ። መሃሉን ሳላገኝ በሳሁ። ከዚያ ደፈንኩት።"

ልጅቷ የማጉያውን ድምፅ ቀነሰች። ሰውየው ትልቁን መዝገብ ስቦ "የዕቃው ሁኔታ" የሚለው ላይ እስክሪብቶውን አቆመ።

"ገጣሚው አንተ አይደለህ? ንገረኝ እስቲ፣ ምን ብዬ ልጻፍ?"

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። "አካሉ ተቆፍሮ ሰፍቷል። የጠፋው ድምፁ ተመልሷል። በስህተት የተበሳች አንዲት ቀዳዳ በዋንዛ ተደፍናለች።"

ቃል በቃል ጻፈ። "በስህተት" የሚለው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ ከመነጽሩ በላይ አየኝ። እንዲያ ያለ ቃል በዚያ መዝገብ ውስጥ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ይሰርዘዋል ብዬ ዓይኔን ከእስክሪብቶው ላይ አላነሳሁም። አልሰረዘውም። ፈረመና ማኅተሙን መታ።

ደጅ ስንወጣ ልጅቷ ጊታሩን አንግታ፣ "የነገርከውን ነው የጻፈው?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም!"

በውድድሩ ቀን ግጥሜ እንደ ልማዱ ሦስት መስመር ጎድሎት ተዘፈነ። ሰዉ ግን በቤዙ ምት ከወንበሩ ተነሣ። እኔ ከፊተኛው ረድፍ ቆሜ የማየው ቀዩ አካል ላይ ያለችውን ፈዛዛ ነጥብ ነበር። ስለ እሷ ያልኩት፣ አንድም ቃል ሳይጎድለው፣ ማኅተም ተመቶበት ቀበሌው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።