ካባው ጸጥ ያለ ዓመት

ከቡታጅራ ወጣ ብሎ ወደ መስቃን ገጠር በሚወስደው የጠጠር መንገድ ዳር ያለውን የድንጋይ ካባ የማያውቅ ሹፌር አልነበረም። ኮረብታው ግማሹ ተቆርሶ ቀይ ሆዱ ከሩቅ ይታያል። ለብሎኬት የሚሆነው ቀይ አሸዋና ለቤት መሠረት የሚሆነው ጥቁር ድንጋይ ከዚያ እየተጫነ በቡኢ በኩል ወደ አዲስ አበባ ይወጣል። በካባው ዙሪያ ያለው ሰፈርም የተቆረቆረው በዚሁ ምክንያት ነው። ድንጋይ ፈላጩ፣ ጫኙ፣ ጎሚስታው፣ ሻይ ቤቱ፣ አልጋ ቤቱ፣ ሁሉም የሚያድረው ሲኖትራክ ሲመጣ ነው።

አብዱልሃፊዝ የጫኞቹ አለቃ ነበር። አለቃ ይባል እንጂ አካፋውን ከእጁ ጥሎ አያውቅም። መኪና ወደ ኋላ ሲገባ ከገደሉ አፍ ላይ ቆሞ «ና! ና! ወደ ግራ ስበር! ና! በቃ!» እያለ የሚያስጠጋው እሱ ነው። ሹፌሮቹ ስሙ ስለሚረዝምባቸው «ናና» ይሉት ነበር። ሱብሂ ሰግዶ ይወጣል፣ ሲመሽ ከጫማው እስከ ቅንድቡ ቀልቶ ይመለሳል። ባለቤቱ ባሂራ መታጠቢያ ውሃ በር ላይ ታቀርብለታለች። ታጥቦ፣ በልቶ፣ ሁለት ቃል ሳይናገር እንቅልፍ ይጥለዋል። ልጆች ተወለዱ፣ ቤቱ ከሣር ወደ ቆርቆሮ ተለወጠ፣ ባልና ሚስቱ ግን ቁጭ ብለው የተጫወቱበት ጊዜ ብዙ አልነበረም። ክፉ ባል ሆኖ አይደለም፤ ደክሞት ነው።

ከዚያ ሲሚንቶ ጠፋ። «ይመጣል» ተባለ። ሲመጣ ደግሞ ዋጋው የማይቀመስ ሆነ። ብረቱ ተከተለ፣ ነዳጁ ተከተለ። አዲስ አበባ የተጀመሩት ፎቆች ብረታቸውን ወደ ሰማይ እንደቀሰሩ ቆመው ቀሩ እየተባለ ይወራ ጀመር። ድሮ ጎህ ሳይቀድ ጀምሮ መንገዱን ይዞ የሚሰለፈው መኪና እየሳሳ እየሳሳ ሄዶ፣ አንድ ሲኖትራክ ብቅ ሲል ጫኙ ሁሉ እንደ ሠርግ መኪና ከቦ የሚሮጥበት ጊዜ መጣ። ኋላም እሱም ቀረ። ጎሚስታው ዕቃውን ጭኖ ወደ ዝዋይ ሄደ። አልጋ ቤቱ በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠለጠለበት። አስተማሪ ባሏን ተከትላ ከጎጃም መጥታ በካባው በር ሽሮና ምስር ስትሸጥ የኖረችው ሰገነት እንኳን ትልቁን ድስት አጥባ ሰቀለችና በትንሿ መሥራት ጀመረች።

አብዱልሃፊዝ ለጥቂት ሳምንታት እንደ ወትሮው በማለዳ እየወጣ ከገደሉ አፍ ላይ ቁጭ ይል ነበር። ሰገነት ሳትጠየቅ ሻይ ታመጣለታለች።

«ዛሬስ ይመጡ ይሆን?» ትለዋለች።

«ኢንሻአላህ» ይላታል። ሁለቱም ወደ መንገዱ ያያሉ።

በመጨረሻ ቤት ዋለ። ቤት መዋል ግን አላወቀበትም። ጠዋት ተነስቶ የአጥሩን የላላ እንጨት ያጠብቃል፣ የጠበቀውን መልሶ ይነቀንቃል፣ በር ላይ ይቆማል። እጁ ሥራ ለምዶ ስለነበር ባዶውን ሲሆን የት እንደሚያደርገው ይጠፋበታል። መርካቶ ሱቅ ተቀጥሮ የሚሠራው የበኩር ልጁ ሙንታሲር ደውሎ፣ «አባዬ፣ ና እዚህ። ሸክምም ቢሆን አይጠፋም» ሲለው፣ ከልጁ አፍ «ሸክም» የሚለውን ቃል መስማቱ ቢከብደውም «እሺ» አለ። ባሂራ ልብሱን አጥባ በትንሽ ሻንጣ አጠፈችለት። እሱም ተቀብሎ ከበሩ ጎን አቆመው።

ሊሄድ በነበረበት ሳምንት ባሂራ ከቦኖ ውሃ ይዛ ስትመለስ ጭቃ አዳለጣት። ጀሪካኑን ላለመጣል ብላ በእጇ ወደቀች። ሆስፒታል ወስዷት ሲመለሱ ቀኝ እጇ ከጣቶቿ ሥር እስከ ክንዷ በጀሶ ታስሮ ነበር። ባጃጁ ውስጥ ሲንገላቱ በግራ እጇ የሱን እጅጌ ጨብጣ ያዘች። ከዚያች ቀን በፊት በሰው ፊት እጅጌውን ይዛው እንደማታውቅ አሰበ። ቤት ሲደርሱ ሻንጣውን ከበሩ ጎን አንስቶ አልጋ ሥር ከተተው።

ከቤቱ ጀርባ የባሂራ እንሰት አለ። እሱ ካባ ሲውል እሷ ተክላ፣ ኮትኩታ፣ ፍግ አልብሳ ያሳደገችው ነው። በማግስቱ ጓሮውን ዞር ዞር ብላ አየችና ፊቷ ተለወጠ።

«እነዚህ ሦስቱ ሊያብቡ ነው» አለች። «ካበቡ በኋላ ደግሞ ቆጮ አይወጣቸውም። ለከርሞ የምንበላው እነሱን ነበር።»

«ሴቶቹን ጠርተሽ ይፋቁልሽ እንጂ።»

«የትኞቹን ሴቶች?» አለችው። የማዶዋ ጎረቤት ባሏን ተከትላ ዝዋይ ሄዳለች። የታችኛዋ ልጆቿን ይዛ ወላጆቿ ጋ ገብታለች። ሌላዋ አዋሳ ናት። በየተራ አብረዋት ይፍቁ የነበሩት ሁሉ ካባው ሲዘጋ ተበትነዋል። አብዱልሃፊዝ ያን ሁሉ ቀን በር ላይ ቆሞ ሲውል እነዚያ በሮች መዘጋታቸውን ልብ አላለም ነበር።

«እኔ ብፍቅስ?» አለ።

ባሂራ ሳቀች። ከወደቀች ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። «አንተ? ወንድ እንሰት ሲፍቅ የት አይተሃል? ይቆርጣል፣ ይተክላል፣ ያ ነው የወንድ ሥራ።»

«መትከሉንም አንቺ ነሽ የሠራሽው።»

ወደ አጥሩ አየች። ከዚያ፣ «ሰው ያይሃል» አለችው።

«አጥሩ ረጅም ነው» አለ።

የመጀመሪያውን ቆርጦ ለመጣል ጉልበት አልቸገረውም። ግንዱን እንደ ሽንኩርት እየገለጠ ልባሱን፣ ኮባውን ከኮባው ለየ። ችግሩ ሲፍቅ መጣ። ያጋደለ ጣውላ ላይ ኮባውን ዘርግቶ፣ መሬት ተቀምጦ፣ ጫፉን በእግሩ ሰቅዞ፣ በቀርከሃ መፋቂያ ወደ ታች መላግ ነው። ባሂራ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የታሰረ እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋ ታየዋለች። አንድ ጊዜ ሲልገው ኮባው ለሁለት ተቀደደ። ደገመ፤ ተቀደደ።

«ኧረ ድንጋይ አይደለም! ቀስ በል» አለችው። «ነጩ ይውረድ እንጂ ቃጫውን አትጉዳው። እጅህን አላላው። እንደዚያ አይደለም፣ ልጅ ስታጥብ እንዴት ታደርጋለህ?»

«ልጅ አጥቤ አላውቅም እኮ።»

«እሱስ እውነት ነው» አለችና ሁለቱም ሳቁ።

ዙህር ሳይደርስ ወገቡ ተቆረጠ። ሲኖትራክ ሙሉ ድንጋይ የጫነ ወገብ በአንድ እንሰት ተንበረከከ። ባሂራ ይህን ሥራ ለብዙ ዓመት ስትሠራ አንድ ቀን ደከመኝ ብላው አታውቅም። ከቤት ትራስ አምጥቶ በስተኋላዋ አስደገፋት። «ምነው?» አለችው። «ምንም» አላት።

ሁለተኛውን በሌላ ቀን ፋቀ፤ እጁ ትንሽ ተገራ። ሦስተኛውን ሊቆርጥ ሲጠጋ ባሂራ፣ «ይሄን ቀስ ብለህ ጣለው» አለችው።

«ምን አለው?»

«ሃሊማ የሞተች ጊዜ የተከልኩት ነው።»

ሃሊማ የመጨረሻ ልጃቸው ነበረች። መራመድ ጀምራ፣ በትኩሳት ነው ያለፈችው። ከቀብሯ በሦስተኛው ቀን እሱ ወደ ካባው ተመለሰ፤ መኪናዎቹ ተሰልፈው ነበር፣ ሌላ ምን ያድርግ።

«ቤት ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ» አለች ባሂራ፣ ለወቀሳ ሳይሆን እንዲሁ እንደምታወጋ። «ጎረቤት ጥላኝ ስትሄድ ወጥቼ ጉድጓድ ቆፈርኩ። ችግኙን ከላይኛው መደብ አምጥቼ ተከልኩት። ከዚያ ጠዋት ጠዋት እዚህ መጥቼ እቀመጣለሁ። ትልቅ ሲሆን ደስ ይለኝ ነበር።»

አብዱልሃፊዝ ገጀራውን መሬት ላይ አስቀመጠ። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ። የእንሰቱ ቅጠል በነፋሱ ይንሿሿል።

«ይቅር? አልቁረጠው?» አላት በመጨረሻ።

«አይ። ካበበ ይሞታል እኮ። ይበላ» አለች። «ሌላ እንተክላለን።»

ያን ቀን ሕፃን እንደሚያጥብ ነበር የፋቀው። አንድም ኮባ አልተቀደደበትም።

በዚያ ሥራ ላይ እያለ ነው እማማ ሰልሚያ የደረሱበት። ከሰፈሩ ሽማግሌ ሴቶች አንዷ ናቸው፤ አፋቸው ሹል ነው። «አሰላሙ ዓለይኩም» ሲሉ እሱ ከመነሳቱ በፊት ጓሮ ገብተው ነበር። እግሩን ሰቅሎ፣ ነጭ ፍቅፋቂ እስከ ክርኑ ተለጥፎበት አዩት።

«አንቺ ባሂራ፣ ይሄ ሰውዬ ምን ነክቶታል?»

«ሥራ ፈትቼ ነው እማማ» አለ ራሱ፣ ጆሮው ድረስ ቀልቶ።

እማማ ሰልሚያ ጠጋ ብለው ከክምሩ ቆንጥረው በጣታቸው አሹት። «ቃጫው አልጠራም» አሉ አሮጊቷ። «መፋቂያውን አቅናው። ወዲህ በል፣ ላሳይህ።» ነጠላቸውን አውልቀው ባሂራ ላይ ጣሉና ተቀመጡ። አሳዩት። ሲነሱ፣ «የኔም አለ» አሉ። «ልጆቼ ሁሉ አዲስ አበባ ናቸው። ቅዳሜ ና።»

ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ሰፈር ገባ። አርብ ከመስጊድ ሲወጡ አብሮት ይጭን የነበረ ሙስሊም የሚባል ጓደኛው ሰው ሰብስቦ፣ «ናና፣ ቀሚስ ተሰፋልህ አሉ!» አለው። ተሳቀ። አብዱልሃፊዝ እጁን ጨበጠ፤ ከዚያ ፈታው።

«የባሂራ እጅ ተሰብሯል» አለ። «ልጆቼን በዚያ እጇ ነው ያሳደገቻቸው። አሁን የእኔ እጅ ሥራ ፈቷል። ምን ላድርገው?»

ሳቁ ረገበ። የቀጠሉም ነበሩ፤ ሰው ሁሉ ዝም አይልም። ሙስሊም ግን ወደ ማምሻው ግራ ቀኝ አይቶ በአብዱልሃፊዝ ጓሮ በር ገባ። ሚስቱ የደረሰች እርጉዝ ናት፣ አብረዋት የሚፍቁ ሴቶች ሄደዋል። «አብዱ» አለ አንገቱን ደፍቶ፣ «ይሄ ነገር ይከብዳል?»

«ወገብ ይዘሃል?»

«ይዣለሁ።»

«እንግዲያው ተቀመጥ» አለው፣ ጣውላውን እያቃናለት።

የባሂራ ጀሶ በተፈታ ቀን ከውስጡ የወጣው እጅ ቀጥኖ፣ ነጥቶ፣ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። አይታው እንባዋ መጣ። አብዱልሃፊዝ ውሃ አሙቆ በር ላይ አቀረበ፤ እጇን ተቀብሎ በሳሙና ጣት በጣት አጠበላት።

ካባው እንደ ድሮው አልሆነም። በሳምንት አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት መኪና ይመጣል። ጫኞቹ እንዳይሻሙ አብዱልሃፊዝ ተራ አወጣላቸው፤ ለራሱም ከሌላው ሳያስበልጥ ተራ ያዘ። ሰገነት በተራው ቀን ሽሮ ታሞቅለታለች። ተራው ባልሆነበት ቀን እሱና ባሂራ ጓሮ ናቸው። በባዶዎቹ ጉድጓዶች አዲስ ችግኝ ተክለዋል። እሷ ስትኮተኩት ታንጎራጉራለች፤ ይህንንም ከዚያ በፊት አያውቅም ነበር። አንዳንድ ቀን ቤት ውስጥ ገንዘብ ይጎድላል፣ ያኔ ይጨነቃል፣ ያኔም አብረው ይጨነቃሉ።

ለአረፋ ሙንታሲር ከአዲስ አበባ መጣ። የቅርጫው በሬ ታርዶ፣ ሥጋው ተከትፎ፣ አዲሱ ቆጮ ትኩሱን ቀረበ። ልጁ አንድ ጊዜ ጎረሰ፣ ደገመ።

«እማ፣ የዘንድሮው ቆጮ ምን አድርገሽበት ነው?»

«እኔ አይደለሁም፣ አባትህ ነው የፋቀው» አለች።

ሙንታሲር ሳቀ። ማንም አብሮት እንዳልሳቀ ሲያይ ወደ አባቱ ዞረ። አብዱልሃፊዝ ትሪው ላይ አቀርቅሮ ቆጮውን ይቆርሳል።

«አባዬ? ወላሂ በል።»

«ወላሂ። እማማ ሰልሚያን ጠይቅ። የሳቸውንም ፍቄያለሁ።»

ልጁ ለረጅም ጊዜ አባቱን አየው። በስልክ «ና፣ ሸክም አይጠፋም» ብሎ የጠራውን ሰው እንደ አዲስ የሚያየው ይመስል ነበር። ከዚያ እጅጌውን ወደ ላይ መሰብሰብ ጀመረ።

«እስከ እሑድ አለሁ» አለ። «የቀረ እንሰት አለ?»

«ነገ አንድ አለ፤ ጠዋት ተነስ» አለች ባሂራ። የለበሰውን አዲስ ሱሪ ከላይ እስከ ታች አየችና ጨመረች፣ «እሱን ሱሪ ግን ቀይር።»