ዝገቱ የወጣለት ሰይፍ

ሺጌኖ ሟች ባሏ ያሳኩ የተወላትን ሰይፍ በጨርቅ ጠቅልላ ከኦሳፉኔ መንደር ወደ ከተማ ወሰደችው። ያሳኩ ሰይፉን የሠራው ቅድመ አያቱ እንደሆነ ዕድሜውን ሙሉ ያምን ነበር፤ ሳያስመረምረው ሞተ። እሷም የሠሪውን ስም አረጋግጣ ልትነግረው በፎቶው ፊት ቃል ገብታለች።

የድሮ ሰይፍ ዐዋቂው ኩራሞቺ ስለቱን ወደ መብራት አዘንብሎ አየና ፈገግ አለ። «እማማ፣ የጥሩ እጅ ሥራ ነው።» ከዚያ እጀታውን አውልቆ ውስጥ የተደበቀውን የብረቱን ጭራ ሲያይ ፈገግታው ጠፋ። ጭራው እንደ አዲስ ማንኪያ ያበራል።

«ይህን ማን ፈተገው?»

«እኔ ነኛ። ሃያ ስድስት ዓመት፣ የባሌ ሙት ዓመት በደረሰ ቁጥር፣ በአመድ። እሱ እኮ ላዩን እየወለወለ ታቹን ከነቆሻሻው ይተወው ነበር። ሰነፍ እያልኩ እስቅበት ነበር።»

ኩራሞቺ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዕድሜውን የምናነበው ከዚያ ዝገት ነበር፣ እማማ። የሠሪው ስምም የተቀረጸው እዚሁ ነበር፤ አሁን ጭረት ብቻ ቀርቷል።»

«ሌላ መላ የለውም?»

«ጥሩ ሰው እንደሠራው እጽፍልዎታለሁ። ማን እንደሆነ ግን መጻፍ አልችልም።»

በአውቶቡስ ሰይፉን ጭኗ ላይ አጋድማ ተመለሰች። ሁልጊዜ ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምታደርገው የባሏ ፎቶ ያለበትን ሣጥን መሳይ ትንሽ መሠዊያ ከፍታ ውሎዋን መንገር ነው። ያን ቀን እጇን በመሠዊያው በር ላይ አሳርፋ ቆየች፤ ከዚያ ሳትከፍተው ዞር አለች።